ቀይ ክር ያለበት አይፈተሽም

ጠረጴዛዬን «ለጊዜው ነው» ብለው ምድር ቤት ካስቀመጡት አራት ዓመት አለፈው። ፎቅ ላይ ቦታ የለም ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ተቀጥሮ ስንት ወንበር እንደተጨመረ ብቆጥር ራሴን ያመኛል። ብቻ አንዷን ጥግ ይዤ፣ በአንድ በኩል የዕቃ ግምጃ ቤቱ በር፣ በሌላ በኩል የመኪና ማቆሚያው ግንብ እየታየኝ፣ ለሞባይል የሚሆን መተግበሪያ እጽፋለሁ። ፎቅ ላይ ብሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አላየውም ነበር። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ክፍሉ የእኔ አይደለም፤ የስልክ መሞከሪያ ነው። እኛ ኮምፒውተር ላይ የምንጽፈው ነገር ሕዝብ እጅ ከመግባቱ በፊት በእውነተኛ ስልክ መሞከር አለበት፤ በውዱም፣ በርካሹም፣ መስታወቱ በተሰነጠቀውም። ለዚህ ሲባል መደርደሪያው ላይ አሥራ ሁለት ስልኮች ተደርድረዋል። አንዱ በጣም ያረጀ ነውና «ሽማግሌው» ይባላል። አንዷ ትንሽ ሞቅ ሲላት ድርግም ብላ የምትጠፋ ናትና «ቅምጥሏ» ትባላለች። ስም ያወጣችላቸው እትዬ ናት።

እትዬ መጀመሪያ የሁላችንም እትዬ አልነበረችም። ታናሽ እህቷ እዚሁ ተቀጥራ «እትዬ» እያለች ስትጠራት ሰምተን ተከተልን፤ አሁን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ የለም። አርባ ዓመት ሞልቷታል። አጭር ናት፤ ስትናደድ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች።

የዚህን ሙያ ዋና በሽታ ልንገራችሁ። ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር ታገናኙታላችሁ። ስልኩ ቻርጅ መቀበል ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የመሞከሪያ መሣሪያ ግን «የተገናኘ ስልክ የለም» ይላችኋል። ስልኩ ፊቱ ተጋድሞ፣ ገመዱ ተሰክቶ፣ የለም። ዓይን አውጣ ማለት ይህ ነው። ያን ጊዜ ፎቅ ላይ ያሉት ባለዲግሪዎች ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወርዱና «እትዬ፣ ድረሺልን» ይላሉ።

እሷ አትቸኩልም። «መጀመሪያ ኬብሉን» ትላለች። አንዳንዱ ኬብል ውስጡ ያለው ሽቦ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው በምንም አይለይም። «ይሄ ያበላል እንጂ አያወራም» ብላ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው ካርቶን ትወረውረዋለች። ኬብሉ ደህና ከሆነ ስልኩን ታነሣና የሥሪት ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ትነካዋለች፤ ያን ጊዜ ለሠሪዎች ብቻ የተደበቀው ማስተካከያ ይከፈታል። እሱም ክፍት ከሆነ፣ ስልኩ «ይህን ኮምፒውተር ልፍቀድለት?» ብሎ ጠይቆ መልስ አጥቶ እንደሆነ ታያለች። «ስልኩን በግንባሩ ደፍተኸው፣ ጠረጴዛው ይመልስለት?» ስትል ሰውየው ራሱ ይስቃል። እኛ ግማሽ ቀን የምንዳክርበትን እሷ በሩብ ሰዓት ትጨርሰዋለች።

ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ጥፋቱ የኬብሉ ስለሆነ አንድ ዘዴ ነበራት። ፈትሻ ያረጋገጠችውን ኬብል፣ በስልኩ በኩል ባለው አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስርበታለች። የልብስ ስፌት ክር ነው። ደጋግማ ትጠመጥመዋለች፣ ሁለቴ ትቋጥረዋለች፣ ትርፉን በጥርሷ ትበጥሰዋለች። መቀስ ፊቷ ተቀምጦ፣ በጥርሷ። የክፍሉም ሕግ አንድ ነበር፦ ቀይ ክር ያለበት አይፈተሽም። የመደርደሪያውን አሥራ ሁለት ኬብል ያሰረችው በገዛ እጇ ነው። ከእሷ ሌላ ያንን ክር መንካት የሚፈቀድለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷ።

አባታቸው ሲሞት እትዬ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ታናሿ አራት። እናታቸው ቀድማ ሄዳለች። እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ መንገድ ዳር የስልክ ሽፋን መሸጥ ጀመረች። አጠገቧ ስልክ የሚጠግን ሰውዬ ነበርና፣ እሱ ምሳ ሲወጣ ዕቃውን እየጠበቀች፣ ሲመለስ እጁን እያየች፣ ሙያውን ሰረቀችው። በሕይወቷ የሰረቀችው ነገር እሱን ብቻ ይመስለኛል። ቆይታ የራሷን ኪዮስክ ከፈተች። ታናሿ ከኪዮስኩ ጀርባ ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየሠራች አደገች፤ በዚያው ኪዮስክ ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮምፒውተር ዲግሪ ደረሰች። እትዬ ትዳር ጠያቂ አጥታ አይደለም። «ልጅ አለችኝ» እያለች ስትመልስ ጊዜው ሄደ።

ልጅቷን እዚህ ያስቀጠረቻትም እሷ ናት። ሦስት ቀን በተከታታይ ጠዋት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆማ፣ «የኔን ሥራ ከወደድከው እሷን ቅጠራት፤ እኔ የማውቀው ከእሷ ግማሹን ነው» ብላ። ልጅቷ ብልህ ናት፤ አልክድም። ግራኝ ናት፤ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይነገራትም። በመጣች በሁለተኛው ዓመት በማዕረግ ከእህቷ በላይ ሆነች፤ ዲግሪ አላታ። እትዬ ይህን ሲነግሯት እልል ማለት ነው የቀራት። የተናደድኩት እኔ ነኝ።

ምክንያቱም እትዬ ስድስት ዓመት ሙሉ የክፍሉ «ተጠባባቂ ኃላፊ» ነበረች። ተጠባባቂ ማለት ጣጣው ያንተ፣ ስሙ የማንም ማለት ነው። በመጨረሻ ዋናው መሥሪያ ቤት ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሰዎች እንደሚልክ፣ ክፍሉ ሲሠራ አይተው እዚያው ኃላፊውን በደብዳቤ እንደሚሾሙ ተነገረን። ማንን እንደሚሾሙ የተጠራጠረ አልነበረም። እትዬ ግራጫ ኮት ገዛች።

«ሹመት አምሯት ነው እንዳትል» አለችኝ አርብ ዕለት። «ስሜን ወረቀት ላይ ማየት ነው የፈለግኩት። እስከዛሬ ስሜ የተጻፈው የቤት ኪራይ ውል ላይ ብቻ ነው።»

ታናሿ እዚያው ነበረች። ብስኩት እየቆረጠመች ፈገግ አለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ስልኮቹን አንድ በአንድ ሰካች። ሁሉም የቻርጅ ምልክት አሳዩ። ኮምፒውተሩ ግን «የተገናኘ ስልክ የለም» አለ። አንዱም የለም። እሁድ ዕለት መሣሪያው ራሱን በአዲስ እትም ቀይሮ ስለነበር ሁላችንም ጣታችንን ወደ እሱ ቀሰርን። እትዬ አዲሱን አጥፍታ አሮጌውን መለሰችው። የለም። ኮምፒውተሩን ዘግታ አስነሣችው። የለም። የእያንዳንዱን ስልክ ማስተካከያ ዘግታ እንደገና ከፈተች፤ ሰባት ጊዜ በአሥራ ሁለት ስልክ፣ ሰማንያ አራት ጊዜ መንካት ነው። ቆጥሬላታለሁ። ማክሰኞ ከፎቅ ሌላ ኮምፒውተር አስወረደች። እሱም የለም አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት «ኬብሉስ?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «ክሩ አለበት እኮ።»

«ቢሆንም አንዴ ብታዪው…»

«እኔና እህቴ ካልሆንን ማን ያስረዋል? በል እንግዲህ ራሴን ልፈትሽ?»

ታናሿ ጀርባዋን ሰጥታን የቅምጥሏን መስታወት ትወለውል ነበር። አልዞረችም። ቦርሳዬ ውስጥ የራሴ ኬብል ነበር፤ እጄን ብሰድ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ቀይ ክር መጠራጠር እትዬን መጠራጠር ስለሆነ ነውር መሰለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ረቡዕ ምሳ አልበላችም። ከመሣሪያው ጋር የተጻፈውን መመሪያ ሁሉ አሳትማ፣ የማታውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል በእርሳስ እያሰመረች ታናሿን ትጠይቃታለች። ታናሿም በትዕግሥት ትተረጉምላታለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻይ አመጣችላት። ስኳሩን ራሷ አማስላ፣ እጇን እንዳያቃጥላት ብርጭቆውን በሶፍት ጠቅልላ፣ «እትዬ፣ ትንሽ እረፊ፤ ለነገ ነገ ያውቃል» አለቻት። እትዬ ጉንጯን ዳበሰቻት። ያቺን ብርጭቆ ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሐሙስ እትዬ ግራጫውን ኮት ለብሳ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ፤ አንዲት ረጋ ያለች ሴትዮና ማስታወሻ የሚይዝ ሰውዬ። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ይደረድር ነበር። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ሦስት ቀን ሆነው፤ መሣሪያው ስልኮቹን አላይ ብሏል። ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም» አለች።

ሴትዮዋ ስልኮቹን አየች። ከዚያ እትዬን። «ስድስት ዓመት እዚህ ሠርተዋል አይደል?» አለቻት። ክፉ ብላ አልነበረም፤ ቃሉ ግን እንደ ዱላ አረፈ።

ያን ጊዜ ታናሿ ከኋላ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልሞክር?» አለች። ከቦርሳዋ ኬብል አውጥታ ሽማግሌውን ሰካችው። ኮምፒውተሩ ጢው አለ። የሽማግሌው ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ኬብሉ ነው» አለች። «መጀመሪያ መፈተሽ የነበረበት ኬብሉ ነው። ምናልባት ብዬ ትናንት አዲስ ገዝቼ ነበር።» ከቦርሳዋ የቀሩትን አወጣች። በአሥር ደቂቃ አሥራ ሁለቱም ስልኮች ስክሪኑ ላይ ተሰለፉ።

አጨበጨብን። እጄ እስኪቀላ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እትዬ ደግሞ እንባዋ እየወረደ ልጅቷን አቀፈቻት፤ «አያችኋት? እኔ ያሳደግኳት ናት፤ በካርቶን ላይ ነው የተማረችው» እያለች ለሴትዮዋ ትነግራታለች። ታናሿ በእህቷ ትከሻ ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር። ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ደብዳቤው ወጣ። ኃላፊዋ ታናሿ ሆነች። ሥራ አስኪያጁ እትዬን ለማጽናናት ሲንተባተብ እሷ አቋረጠችው። «ምን ያሳስብሃል? ከቤቴ አልወጣ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ እውነተኛ ነበር፤ እምላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ታናሿ ፎቅ ተጠርታ ሄደች፤ እኔና እትዬ ቀረን። እትዬ ሥራ መፍታት አታውቅም። ቀይ ክሯን አውጥታ ተቀመጠች፤ ከተበላሹት ላይ ልትፈታ፣ አዲሶቹ ላይ ልታስር። «አሥራ ሁለት ኬብል በአንድ ጊዜ እንዴት ይበላሻል?» ትላለች ለራሷ። አንዱን አንሥታ ክሩን በጥርሷ ልትበጥስ ወደ አፏ አስጠጋችው። እጇ እዚያው ቆመ። አውርዳ አየችው። ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን። ከዚያ ከአዲሶቹ አንዱን አንሥታ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው።

«አንተ፣ ና እስቲ ይሄን እይልኝ» አለችኝ። «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»

ሄድኩ። የእሷ ክር ወደ ቀኝ ነው የሚጠመጠመው፤ ጫፉ በጥርስ ስለተበጠሰ የተንጨባረረ ነው። ተበላሹ በተባሉት ኬብሎች ላይ ያለው ክር ወደ ግራ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ በመቀስ ልቅም ተደርጎ ተቆርጧል። አሥራ ሁለቱም እንደዚያ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀዩን እንጂ ቋጠሮውን ያየ አልነበረም። «አዲስ» የተባሉት ደግሞ አዲስ አልነበሩም፤ ገመዳቸው በእጅ ብዛት ወይቧል፣ አንገታቸው ላይ ብቻ ክር ለዓመታት የሸፈነው ጠባብ ንጹሕ ቀለበት አለ። ግራኟ ታናሿ የካርቶኑን ኬብሎች ክር አልብሳ መደርደሪያ ላይ ሰቅላቸው ነበር፤ ደህናዎቹን ደግሞ ክራቸውን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ዞረች። አሥራ ሁለት ኬብል በቦርሳው ይዞ የሚዞር ማን ነው ብዬ ጠዋት መጠየቅ ነበረብኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«እትዬ…» አልኩ።

«ተወው።»

ኬብሎቹን በሁለት ረድፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ሁልጊዜ ስለ ጋላቢው ሞኝነት የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ሞኝ አላየሁም። ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደገችውን ሰው ያመነች ሴት ነው ያየሁት፤ ሰው ልጁን ካላመነ ማንን ይመን?

ታናሿ ደብዳቤውን ይዛ ገባች። «እትዬ፣ ዛሬ ውጭ ነው የምንበላው» ብላ ጀመረች። ጠረጴዛውን አየች። ደብዳቤው ያለበት እጇ ወረደ። እኔን እንደ ወንበር ረስተውኛል።

«መቼ ነው?» አለች እትዬ።

«ቅዳሜ» አለች ታናሿ። «ግማሽ ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ መጀመሪያ ኬብሉን ነው የምታዪው። ሰኞ ጠዋት ስትደነግጪ እኔ አገኘሁት ልል ነበር፤ ወሬው ከሐሙስ በፊት ፎቅ ይደርሳል ብዬ…»

«ሰኞ አላየሁትም።»

«አላየሽውም። ክሩ አለበት አልሽ።» ማልቀስ ጀመረች። «ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር?»

«ከዚያ በኋላ ሻይ አመጣሽልኝ።»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ዲግሪው ያለኝ እኔ ነኝ» አለች በጣቶቿ መሃል። «ግን አንቺ እያለሽ ማን ያየኛል? እዚህ ቤት ስሜ ‹የእትዬ እህት› ነው።»

እትዬ የምትመልሰውን ሳትመልስ ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ወረቀት ይዞ ገባ። ማስረጃው በሁለት ረድፍ ፊቱ ተደርድሯል፤ እሱ ግን ገመድ ብቻ ነው ያየው። እኔ አፌን ከፈትኩ። እትዬ በዓይኗ ዘጋችው። ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ ሙሉ ሆኖ ተጽፎበታል፣ «አስረካቢ» ከሚለው ፊት።

«ልጅቷ ትችለዋለች?» አላት።

«ትችላለች» አለች እትዬ። «እኔ ያላስተማርኳትንም ጭምር ታውቃለች።»

ፈረመች። እሱ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ወጣ።

ታናሿ፣ «ለምን አልተናገርሽም?» አለቻት። «እኔ ብሆን እናገር ነበር።»

«ብናገር ትባረሪያለሽ። ሁለት ሳምንት ታለቅሺና ይወጣልሻል» አለች እትዬ ኮቷን እየለበሰች። «እኔ ደግሞ እንዲወጣልሽ አልፈለግኩም።»

እትዬ ሥራ ትለቃለች ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁላችን ቀድማ መጥታ ጠበቀችን። ታናሿ በሁለት ሰዓት ተኩል ስትገባ፣ እትዬ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች።

«እንደምን አደሩ?» አለቻት።

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ሞከረች። «እትዬ፣ እባክሽ።»

«ምን ልታዘዝ?»

ከዚያች ጠዋት ወዲህ እንደዚያው ነው። ኬብሎቹን ትፈትሻለች፣ ክር ታስራለች፣ ፎቅ ያሉትን ታስቃለች። ኃላፊዋ ስትገባ ትነሣለች፤ ስትወጣ ትቀመጣለች። የሚያዩት ሁሉ «ምን ዓይነት ጨዋ ናት፣ ታናሿን እንኳ አክብራ» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ባዳ የሆነው የሌላው ሰው ጆሮ ነው። ምን እየተባለ እንደሆነ የምንሰማው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

ሰባት ወር ሆነው። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ብቻዬን እስክሆን ጠብቃ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ብዙ የከረመ ነገር አዘጋጅቼላት ነበር፤ ፊቷን ሳይ አንዱም አልወጣኝ አለ። ከስታለች።

«እትዬን አንተ አናግርልኝ» አለችኝ። «ትናንት አተኩሶኝ ተኝቼ ነበር። መጣችና እንደ ልጅነቴ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ተመስገን አልኩ በልቤ። ከዚያ፣ ‹ትኩሳት አለዎት› አለችኝ።»